የጎተራው ሰዎች

የቤተ መቅደስ አምልኮ ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለን ሊቀ ካህናቱ፣ መሥዋዕቱና የመዘምራኑ ዜማ ነው። ሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 31 እና ነህምያ ምዕራፍ 13 ግን ወደ ጎተራው ይወስዱናል። በእኔ እምነት ስለ አምልኮ ለመማር ለሚፈልግ ሰው እነዚህ ሁለት ምዕራፎች ከብዙ መዝሙር የማይተናነስ ትምህርት አላቸው።

ሌዋዊው ምን ይበላ ነበር?

ምድሪቱ ለነገዶች ስትከፋፈል ሌዊ እንደ ወንድሞቹ የእርሻ ርስት አልደረሰውም። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 18 እንደተደነገገው ርስቱ ዐሥራቱ ነው። እርሱም በተራው ከተቀበለው ላይ ዐሥራት ለካህኑ ያወጣል። ስለዚህ እህሉ ከገበሬው አውድማ ተነሥቶ አገልጋዩ ቤት እስኪገባ በብዙ እጅ ያልፋል፤ ከእነዚህ እጆች አንዱ ቢሰስት ወይም ቸል ቢል ዜማውም መሥዋዕቱም ይታጎላል።

የሕዝቅያስ ክምር

ንጉሥ ሕዝቅያስ አባቱ አካዝ የዘጋውን የቤተ መቅደስ ደጅ አስከፈተ፤ ፋሲካውንም አስከበረ። ሕዝቡ የእህሉን፣ የወይኑን፣ የዘይቱንና የማሩን በኵራት፣ የከብቱንም ዐሥራት ያመጣ ጀመር። በሦስተኛው ወር የተጀመረው ክምር እስከ ሰባተኛው ወር ዘለቀ። ንጉሡ ስለ ክምሩ ሲጠይቅ ሊቀ ካህናቱ ዓዛርያስ፣ አገልጋዮቹ በልተው ከጠገቡ በኋላ ይህ ሁሉ እንደተረፈ ነገረው።

ይህን ያህል እህል ሜዳ ላይ ቢከርም ምን እንደሚሆን ለገበሬ ልጅ አይነገርም። ሕዝቅያስም ጓዳዎች እንዲዘጋጁ አዘዘ፤ ሌዋዊው ኮናንያ የበላይ ሆነ፤ ወንድሙ ሰሜኢ ሁለተኛው፤ በእነርሱም ሥር 10 ተቆጣጣሪዎች ተሾሙ። መጽሐፉ ዐሥሩንም በስማቸው ይጠራቸዋል። የነገሥታትን ሥራ የሚተርክ መጽሐፍ ለጓዳ ጠባቂዎች ይህን ያህል ስፍራ መስጠቱን ልብ በሉልኝ።

በረኛው ቆሬ

የምሥራቁን ደጅ የሚጠብቀው ሌዋዊ ቆሬ ሰው በፈቃዱ በሚያመጣው መባ ላይ ተሾመ። በእርሱ ሥር 6 ሰዎች በካህናት ከተሞች ተመድበው ለወንድሞቻቸው ድርሻቸውን በታማኝነት ያድሉ ነበር፤ ለታላቁም ለታናሹም እኩል። መዝገቡ ሚስቶችንና ሕፃናትን ሳይቀር ይዟል፤ በከተሞቹ ዙሪያ መሰማርያ ለሚኖሩት ካህናትም የሚያድሉ ሰዎች በስም ተመድበዋል። እኔን የሚነካኝ ይህ ነው፦ በኢየሩሳሌም ዓይን ፊት የማይታየው የገጠር ካህን ድርሻው አልቀረበትም። እንዲህ ያለው ሥራ ጭብጨባ የለውም፤ መዝገብ መያዝ፣ መስፈር፣ መንገድ መሄድ ብቻ ነው። ቆሬ ባያዳላ ግን የሩቁ ካህን ተራው ሲደርስ ልቡ ሳይከፋ ወደ አገልግሎቱ ይወጣል።

ጓዳው ሲራቆት

ከሕዝቅያስ ዘመን ብዙ ቆይቶ፣ የይሁዳ ገዥ የነበረው ነህምያ ከኢየሩሳሌም ወደ ፋርስ ንጉሥ አርጤክስስ ተመልሶ ሳለ ካህኑ ኤልያሴብ ከቤተ መቅደሱ አደባባይ አንዱን ታላቅ ጓዳ ለዘመዱ ለጦብያ ሰጠው። ቀድሞ የእህሉ ቍርባን፣ ዕጣኑ፣ ዕቃዎቹ፣ የሌዋውያን፣ የመዘምራንና የበረኞች ዐሥራት የሚቀመጥበት ጓዳ ነበር። ነህምያ ሲመለስ የጦብያን ዕቃ ወደ ውጭ አስጣለ፤ ክፍሉንም አስነጻ።

ከዚያ ሌላ ነገር ተገለጠለት፦ ሌዋውያኑና መዘምራኑ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሸሽተው ነበር። ነህምያ በዘማሪው አልፈረደም። የገሠጸው ሹማምንቱን ነው፤ የእግዚአብሔር ቤት ለምን ተተወ ብሎ።

አራቱ ሹሞች

አገልጋዮቹን ሰብስቦ በየስፍራቸው አቆመ፤ ይሁዳም ዐሥራቱን ወደ ጎተራው አመጣ። ነህምያ ግን በዚህ አላበቃም። ካህኑን ሰሌምያን፣ ጸሐፊውን ሳዶቅን፣ ከሌዋውያን ፈዳያን ሾመ፤ ሐናንን ረዳት አደረገላቸው። ምርጫው ብልህነት ያለበት ይመስለኛል። ካህንና ሌዋዊ ሁለቱም ተቀባዮች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ድርሻ ያያል፤ ጸሐፊው ደግሞ መጻፍ ያውቃል። የተመረጡበት ምክንያት አንድ ብቻ ተጽፏል፦ ታማኞች ሆነው መገኘታቸው። ሥራቸውም ለወንድሞቻቸው ማካፈል ነበር።