ልጅ ሁሉ ወደ ትምህርት ቤት

ሐሙሲት በደራ ወረዳ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለነው ገበሬዎች ጤፍ፣ ዳጉሳና በቆሎ እናመርታለን። ከብትም እናረባለን። ሥራችን ብዙ ስለሆነ ልጆቻችን ያግዙናል። ማገዛቸው ደግ ነው። ክፉ የሚሆነው ከትምህርት ሲያስቀራቸው ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለት ትልልቅ ነገሮች ወሰነ። አንደኛ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በልጁ አፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ። ሁለተኛ፣ እስከ አሥረኛ ክፍል ያለ ክፍያ እንዲሆን። ነገር ግን ፖሊሲ በር ይከፍታል እንጂ ልጁን እጁን ይዞ አያስገባም። ይህ የእኛ ድርሻ ነው።

እስቲ እናስብ። የአጨዳ ጊዜ ደርሶ አንድ ልጅ ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቀረ። መምህሩ በዚያ ጊዜ ማካፈል አስተምረው አለፉ። ልጁ ሲመለስ ሒሳቡ አልገባው አለ። እንዳይሳቅበት ፈርቶ ጥግ ይዞ ዝም አለ። ፈተና ሲመጣ ወደቀ። እኛም «ትምህርት አይሆንለትም» ብለን ከብት አስያዝነው። ልጁ ግን ሰነፍ አልነበረም። የተጠየቀው ያልተማረውን ነው።

ሴት ልጅም ውኃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ ስትደርስ ትምህርቱ ተጀምሮ ይቆያታል። ትንሽ ቆይታም ለባል ትታጫለች። ሕጉ ግን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው ይላል።

ዓይነ ስውር ልጅስ? ሉዊ ብሬል የተባለ ፈረንሳዊ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር። በ1829 እ.ኤ.አ. በጣት እየተዳሰሰ የሚነበብ ጽሕፈት አሳተመ። ዛሬ አማርኛም በብሬል ይጻፋል። ጆሮው የሚከብደውን ልጅ ደግሞ መምህሩ ከፊት ሊያስቀምጡት ይችላሉ። እቤት የተደበቀን ልጅ ግን ማንም መምህር ሊረዳው አይችልም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. በወንፈል እንደምናርሰው ሁሉ ከብቱንም ከጎረቤት ጋር በተራ እንጠብቅ። ያን ጊዜ የአንድ ቤት ልጅ ብቻ ከትምህርት አይቀርም።

2. የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ሲጠራ እንሂድ። «ማን ቀረ? ለምን ቀረ?» ብለን እንጠይቅ።

3. ማታ ማታ ልጆቻችንን እናስነብብ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆች ያለ ትምህርት ቆይተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፊደል የቆጠረ ወላጅ ልጁ ያወቀውን እንዳይረሳ ሊያደርግ ይችላል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው። የልጆቻችን ትምህርትም እንዲሁ ነው።

ጥያቄዎች

ሀ. ከትምህርት የቀረው ልጅ በፈተና የወደቀው ለምንድን ነው?
ለ. በሰፈራችሁ ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ አለ? ምን አስቀረው?
ሐ. ከየትኛው ጎረቤት ጋር ከብት በተራ ልትጠብቁ ትችላላችሁ?