በእጦት ዘመን ምግብን በምግብ ስለ መተካትና ሻጭ የዕቃውን ስም በእውነት ስለ መናገሩ

ምስጋና ለዓለማት ፈጣሪ ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰዎቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ ምእመናን ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ እወቁ። አላህ ንግድን የተፈቀደ መተዳደሪያ አደረገ፤ ማታለልን ግን ከለከለ። በጥጋብ ዘመን ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ቀላል ነው። ዕቃ ሲጠፋ፥ ዋጋ ሲንር፥ ቤተ ሰብ ሲራብ ግን ብዙ ሰው «ዘመኑ ነው ያስገደደኝ» እያለ አንዱን በሌላው ይደባልቃል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ያስፈልጋል።

በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ ለሚኖር ሰው እጦት ምን እንደሆነ ሊነገረው አያሻም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ታቦር ደርሶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የምግብ ዘይት በአገሩ ሁሉ ተወዶ ከድኃ አቅም በላይ ሆነ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በተደጋጋሚ ተዘጋ። እንዲህ ባለ ጊዜ ነጋዴው ያልደረሰለትን ዕቃ በተገኘው ይተካል፤ የቤት እመቤትም የጎደለውን በሌላ ትሞላለች። ታዲያ ይህ መተካት ኃጢአት ነውን? መልሱ አጭር ነው። መተካቱ የተፈቀደ ነው፤ መደበቁ ግን ሐራም ነው። እጦት የምግቡን ዓይነት ለመለወጥ ምክንያት ይሆናል፤ ስሙን ለመዋሸት ግን ምክንያት አይሆንም።

የመተካትን መፈቀድ ከአገራችን ገበያ ተመልከቱ። በፎገራ ሜዳ ሩዝ ከ1970ዎቹ ወዲህ ተስፋፋ፤ ዛሬም በወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ይገኛል። ጤፍ በተወደደ ጊዜ የአካባቢው እናቶች የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር አቡክተው እንጀራ ጋገሩ፤ እንጀራውም ነጭና የሚበላ ሆነ። ይህ ብልኀት ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ያው እንጀራ «የማኛ ጤፍ ነው» ተብሎ በማኛ ዋጋ ሲሸጥ፥ ብልኀቱ ወደ ስርቆት ተለወጠ። ሩዙ አልረከሰም፤ የረከሰው ቃሉ ነው።

አባቶቻችን ይህን ልዩነት ያውቁ ነበር። ነጩና ቀዩ የተቀላቀለበትን ጤፍ ነጭ ብለው አልሸጡትም፤ «ሰርገኛ» የሚል የራሱን ስም ሰጡት። ሰርገኛ ብሎ የገዛ ሰው ምን እንደገዛ ያውቃል፤ ዋጋውም እንደዚያው ይሆናል። እንግዲህ ለተደባለቀ ነገር እውነተኛ ስም መስጠት ከውጭ የመጣ ሥርዓት አይደለም፤ የገዛ ገበያችን ልማድ ነው።

ለዚህ ነገር መሠረት የሚሆነው ኢማም ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) የዘገቡት ታሪክ ነው። ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) በገበያ አንድ የእህል ክምር ዘንድ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ ጣቶቻቸውም እርጥበት ነካቸው። ሻጩን ስለ ነገሩ በጠየቁት ጊዜ ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ከላይ ያላደረገው ስለ ምን እንደሆነ ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው ወገን እንደማይቆጠር አስታወቁ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን ያዙ። አንደኛ፥ እህሉን ያረጠበው ዝናብ ነው፤ ሻጩ በዝናቡ አልተወቀሰም። እጦትም እንደ ዝናቡ ነው፤ ማንም ስለ እጦት አይጠየቅም። ሁለተኛ፥ እርጥቡን እህል ጨርሶ እንዳይሸጥ አልተከለከለም፤ የታዘዘው ጉድለቱን ወደ ላይ እንዲያወጣ ነው። ሦስተኛ፥ ከገዢዎቹ ማንም አልጠየቀኝም የሚል ምክንያት ለሻጩ አልጠቀመውም፤ ሳይጠየቅ መናገር ግዴታው ነበረና።

በሌላም ስፍራ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) የግመልንና የበግን ጡት ቋጥሮ ወተቱን በማጠራቀም ብዙ የምትታለብ አስመስሎ መሸጥን ከልክለዋል። በዚህ የተታለለ ገዢም ከአለበ በኋላ ወይ እንዲይዛት ወይ ከአንድ ቁና ተምር ጋር እንዲመልሳት መብት ሰጥተውታል። ልብ በሉ፤ ያ ሻጭ በአፉ ምንም አልዋሸም፤ የዋሸው ያበጠው ጡት ነው። ዑለማእ ይህን ዓይነቱን መሸፈን «ተድሊስ» ይሉታል። በዛሬው ዘመን በከረጢት፥ በጠርሙስና በጀሪካን ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንደዚያ ጡት ነው። ገዢው ውስጡን ማየት ስለማይችል ውጪውን ያምናል። ስለዚህ የአንዱ ፋብሪካ ስም በታተመበት ጆንያ የሌላ ወፍጮ ዱቄት ሞልቶ የሚሸጥ፥ ጊዜው ባለፈበት ዕቃ ላይ አዲስ ቀን የሚለጥፍ፥ በቅቤው ላይ የአትክልት ስብ ቀላቅሎ ላዩን በለጋ ቅቤ የሚቀባ፥ ማሩን በስኳር ሽሮፕ የሚያበዛ፥ አንዲት ቃል ባይናገርም ዋሽቷል።

አንድ ሰው፥ «እንዲህ ያለው መቀላቀል ኪስን ቢጎዳ እንጂ አካልን አይጎዳም» ቢል፥ ስለ ጓያ እንነግረዋለን። ጓያ ድርቅንም ረግረግንም ችሎ በፎገራና በደንቢያ ጥቁር አፈር የሚበቅል እህል ነው፤ ሌላው አዝመራ ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል፤ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ሽምብራና አተር በተወደዱ ቁጥር ወደ ሽሮ ይገባል። በጥቂቱ የሚበላ ሰው ላይጎዳ ይችላል። ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገው ግን እግሩ ይሽመደመዳል፤ ሽባነቱም አይድንም። በ1988 ዓ.ም. ግድም ከደቡብ ጎንደር በስተ ምሥራቅ ባለው በደላንታ ዳውንት ድርቅ በገባ ጊዜ ሁለት ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ተጎድተዋል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ጓያውን ነክሮ ውሃውን መድፋት፥ ከሌላ እህል ጋር እየደባለቁ በመጠኑ መብላትም ጉዳቱን ይቀንሳል። ነገር ግን እነዚህን ጥንቃቄዎች ማድረግ የሚችል ማን ነው? ጓያ መብላቱን የሚያውቅ ብቻ ነው። «የሽምብራ ሽሮ» ተብሎ የተሸጠለት አባወራ ልጆቹን ከምን ይጠብቃቸው? እንግዲህ ሻጩ የወሰደበት ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ራሱን የሚከላከልበትንም ዕውቀት ነው።

የዚሁ ምሳሌ ብዙ ነው። ስንዴና ገብስ የማይስማማው ሰው ጤፍን የሚመርጠው ጤፍ ከዚያ ጎጂ ነገር ነጻ ስለሆነ ነው፤ ስንዴ የተቀላቀለበት «ንጹሕ ጤፍ» ግን ያሳምመዋል። በርበሬ ውስጥ የተፈጨ ሸክላ መጨመርማ ምትክ ተብሎም አይጠራም፤ ሸክላ ምግብ አይደለምና። በእጦትም በጥጋብም፥ ቢናገሩትም ባይናገሩትም ክልክል ነው።

ሌላው ሰው፥ «ሁሉም ነጋዴ ያደርገዋል፤ ገዢውም ያውቀዋል» ይላል። እንዲህ ብለን እንመልስለታለን፦ ገዢው የሚያውቀው ከሆነ ብትናገረው ምን ይጎድልብሃል? ብትናገር ገዢው ጥሎህ የሚሄድ ከሆነ ግን አለማወቁን ራስህ መሰከርህ።

ሦስተኛው፥ «ዕቃው በድንገት ይለወጣል፤ በየጊዜው አዲስ ወረቀት ማሳተም አይቻልም» ይላል። ይህ በእውነት የሚያጋጥም ችግር ነው። ታላላቅ አገሮችም ገጥሟቸዋል። በግንቦት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የዕቃ ዝውውርን ባወከ ጊዜ፥ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ፋብሪካዎች ጥቃቅን ለውጦችን ወረቀቱን ሳይቀይሩ ለጊዜው እንዲያደርጉ ፈቀደ። ነገር ግን ድንበር አበጀለት፤ ሰውን የሚያስቆጣ ምግብ አይግባ፤ ዋናው ነገር አይለወጥ፤ ምግቡ የሚታወቅበት ነገር አይጉደል አለ። የስንዴ ዱቄትን በሩዝ ዱቄት መተካት ከማይፈቀዱት መካከል በምሳሌነት ተቆጠረ። የፎገራውን እንጀራ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ያስተውል። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ደግሞ በዩክሬን ጦርነት የሱፍ ዘይት ሲጠፋ፥ የእንግሊዝ የምግብ ባለሥልጣን በስሙ ፈንታ የጎመን ዘር ዘይት ስለ መግባቱ ለሕዝብ በይፋ አስታወቀ። ወረቀቱ ሳይደርስ ቃሉ ቀደመ ማለት ነው። ለደብረ ታቦር ባለ ሱቅ ደግሞ ማተሚያ ቤት አያስፈልገውም። ምላስ አለው፤ እርሳስና ካርቶንም አለው። «በዚህ ሳምንት ዘይቱ ሌላ ነው» ብሎ መጻፍ ምንም አያስወጣውም።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እና የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሸማቹን በሐሰተኛ መግለጫና በተበረዘ ምግብ ከመጎዳት ይጠብቁታል። ሙስሊም ነጋዴ ግን ተቆጣጣሪ ባይመጣም ከበላዩ ጠባቂ እንዳለው ያውቃል።

ደግሞም የስም እውነተኛነት የሃይማኖት ጉዳይ ነው። በብስኩት፥ በከረሜላና በኬክ ውስጥ የሚገባ ስብ ወይም ጄላቲን በሌላ ሲተካ፥ ምንጩ ለእኛ ያልተፈቀደ እንስሳ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ካልተናገረ ሐራሙ ሳናውቅ ወደ ቤታችን ይገባል። ይህን ለራሳችን የምንሻ ከሆነ ለጎረቤቶቻችንም እንሽ። በዚህ ደጋ የምንሸጥላቸው ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ናቸው፤ በዓቢይ ጾም ወተትና ቅቤ አይቀምሱም። ዘይት ጠፋ ብሎ በቅቤ የጋገረውን «የጾም ነው» ብሎ የሚሸጥላቸው ሰው የሰውን አደራ በልቷል። የሙስሊም ነጋዴ ስም በደሪጣም በደብረ ታቦርም የቆየው በመታመን ነው፤ ይህ ስም የአንድ ሰው ሀብት ስላልሆነ አንድ ሰው ሊሸጠው አይገባውም።

እንግዲህ የሚከተለውን በተግባር ያዙ።

ነጋዴ ሆይ፥ ዕቃህን በለወጥህ ቀን ገዢው ሳይጠይቅህ ንገረው። የተደባለቀውን «የተደባለቀ» በለው፤ እጁ ምን ያህል እንደሆነም አስረዳው። ዋጋውን እንደ ድብልቁ አድርግ። የሌላ ስም የታተመበትን ከረጢት ገልብጠህ ወይም ጽሑፉን ሰርዘህ ተጠቀም። ከጅምላ ሻጭ ተደባልቆ መጥቶልህ ከሆነ ለእርሱ መልስለት እንጂ ጉዳትህን ወደ ድኃ አታሻግር። ሳታውቅ ሸጠህ ገዢው ነውሩን አግኝቶ ቢመጣም ተቀበለው፤ የመመለስ መብት በሸሪዓ ተሰጥቶታል።

የቤት እመቤት ሆይ፥ ከሚቻልሽ እህሉን በጥሬው ገዝተሽ ለቅመሽ አስፈጪ። ስም የሌለውን ዱቄት ስትገዢ ከምን እንደተፈጨ ጠይቂ። እንግዳም ሆነ ጎረቤት ከማዕድሽ ሲበላ የለወጥሽውን ንገሪ፤ ከመካከላቸው የማይስማማው ሊኖር ይችላልና።

ከዚህ በፊት የበደለ ሰው ቢኖር የተውበት በር ክፍት ነው። ነገር ግን ይህ በደል የሰው ሐቅ ስላለበት በመጸጸት ብቻ አይወርድም። የታወቁትን ገዢዎች ፈልጎ ትርፉን ይመልስላቸው፤ ይቅርታም ይጠይቃቸው። የማይታወቁ ከሆነ ያንኑ ያህል በስማቸው ለድኆች ይስጥ፤ ለራሱ ምንዳ አይቁጠረው፤ የሰው ገንዘብ ነውና።

ስለ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) እንደሚተረከው፥ በአንድ ሌሊት በመዲና ሲዘዋወሩ እናት ልጇን ወተቱን በውሃ እንድትበርዝ ስታዝዛት ሰሙ። ልጅቱ የምእመናን አለቃ መከልከላቸውን ብታስታውሳት፥ እናቲቱ ዑመር አያዩንም አለች። ልጅቱም ዑመር ባያዩ የዑመር ጌታ እንደሚያይ መለሰች። ዑመርም ያችን ድኃ ልጅ ለልጃቸው ለዓሲም አጋቧት፤ በፍትሑ የታወቀው ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ ከዘሯ ተወለደ። ያቺ ቤት ድኃ ነበረች፤ ጥቂት ውሃ ለአንድ ቀን በጠቀማት ነበር። አላህ ግን ከዚያ የሚበልጥ በረከት ሰጣት።

አላህ ገበያችንን በእውነት፥ ማዕዳችንን በሐላል ይባርክልን። እጦቱን ያንሳልን፤ እስኪያነሣውም ድረስ ምላሳችንን ከሐሰት ይጠብቅልን። አሚን።