ሱቅ ይዘጋል፣ ሐቅ አይዘጋም

የጁሙዓ ትምህርት



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይውረድ። ንግድ እንዴት እንደሚጀመር ብዙ ሰምተናል። ዛሬ የምናየው እንዴት እንደሚዘጋ ነው።

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢዶሎና በሻምቡ በስልካቸው የሚነግዱ ወጣቶች አሉ። ጨሌ፣ የባህል ልብስ፣ የእንጨትና የሸክላ ሥራ ፎቶ አንስተው ቴሌግራም ላይ ይለጥፋሉ፤ አዲስ አበባና ውጭ አገር ላለው የወለጋ ልጅ ይልካሉ። ሱቁ ስልክ ነው፤ መጋዘኑ የቤት ጥግ ነው። እንዲህ ያለው ሱቅ በአንድ ምሽት ይከፈታል። በአንድ ምሽትም ሊዘጋ ይችላል።

ይህን ወለጋ በደንብ ያውቀዋል። ከታኅሣሥ 2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ማብቂያ ድረስ በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በብዙ ቦታ ስልክም አልነበረም። በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ደግሞ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ጠፋ። ደንበኛው ገንዘቡን ልኳል፤ ሻጩን ግን አያገኘውም። ሻጩም «እየመጣ ነው» ወይም «አልቻልኩም» ብሎ መመለስ አይችልም።

በእርግጥ በዚህ ምድር ሱቅ ሲዘጋ ያ የመጀመሪያው አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የግሪክና የሶሪያ ነጋዴዎች በጋምቤላ፣ በጎሬና በደምቢዶሎ ቡና፣ ቆዳና ሰም ይገዙ ነበር፤ ሸቀጡ በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። ዛሬ እነዚያ መደብሮች የሉም። ሱቅ እንደ ሰው ዕድሜ አለው። መዝጋት ኀጢአት አይደለም፤ ውርደትም አይደለም። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ አንዱ በር ሲዘጋ ሌላ ይከፍታል። የምንጠየቀው ስንዘጋ በእጃችን ስለቀረው የሰው ሐቅ ነው።

የዙበይር ሒሳብ

ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) ሰው ገንዘብ በአማና ሊያስቀምጥባቸው ሲመጣ «አማና ሳይሆን ብድር ይሁን» ይሉት ነበር። ምክንያቱ ምን ነበር? አማና ያለ ጥፋት ቢጠፋ ጠባቂው አይከፍልም፤ ብድር ግን ቢጠፋም ይከፈላል። የሰው ገንዘብ እንዳይባክን በራሳቸው ላይ አከበዱት ማለት ነው።

በ36 ዓመተ ሂጅራ ሲገደሉ ቡኻሪ እንደዘገቡት ዕዳቸው 2,200,000 ሆኖ ተገኘ። በእጃቸው ዲናርም ዲርሃምም አልነበረም፤ የነበራቸው መሬትና ቤት ነው። ልጃቸው ዐብደላህ መሬቱን ሸጦ ዕዳውን ከፈለ። ወንድሞቹ «እንግዲህ ውርሳችንን አካፍለን» ሲሉት እምቢ አለ። ለአራት ዓመት በየሐጁ ወቅት «ዙበይር ላይ ዕዳ ያለው ይምጣ፣ እንከፍለዋለን» እያለ አወጀ። ውርሱን ያከፋፈለው ከዚያ በኋላ ነው።

አስተውሉ፤ የታወቀው ዕዳ ሁሉ ተከፍሎ አልቋል። አራት ዓመት የተጠበቀው ምናልባት ላልታወቀ አንድ ባለ ሐቅ ነው። እኛስ? ቻናሉን አጥፍተን፣ ሲም ካርዱን ቀይረን እንሰወራለን?

በአንድ ሒሳብ ውስጥ የአራት ሰው ገንዘብ

ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እህት ሱቋን ልትዘጋ ወሰነች እንበል። ስልኳ ላይ 46,000 ብር ይታያል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ባለቤቱ ግን ብዙ ነው።

18,000 ብሩ ከፍለው ዕቃ ያልደረሳቸው ደንበኞች ነው።
15,000 ብሩ «ሸጠሽ ክፈዪን» ብለው ዕቃቸውን የሰጧት የሸማኔዎችና የሸክላ ሠሪዎች ነው፤ ዕቃው ተሸጧል።
6,000 ብሩ ያልተከፈለ የረዳቷ ደመወዝ ነው።
የእርሷ 7,000 ብር ብቻ ነው።

ከ46,000ው ላይ «መቋቋሚያ» ብላ 10,000 ብታነሳ 3,000ው የሰው ነው። ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መጻፍ ነው። በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ዕዳን እንድንጽፍ አዞናል። ማን፣ ስንት፣ ለምን፣ መቼ የሚለውን አንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ።

ከዚያ በኋላ ምን እናድርግ?

1. ለከፈለ ደንበኛ ምርጫ ስጡት። ገንዘቡን አስቀድሞ ከፍሎ የታዘዘ ዕቃ ካልተገኘ፣ ገዢው መጠበቅ ወይም ገንዘቡን ሙሉ መውሰድ ይችላል። ምርጫው የእርሱ ነው። «በምትኩ ይህን ውሰድ» ብሎ ማስገደድ አይቻልም።

2. በከፈለበት ገንዘብ መልሱ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ይህ ትልቅ ጥያቄ ሆኗል። በዶላር የከፈለ ዶላሩን ይወስዳል። ሁለታችሁም በብር ከተስማማችሁ ከኢብን ዑመር በተላለፈው መሠረት በምትመልሱበት ቀን ዋጋ ይሁን። በብር የከፈለ ያንኑ ብር ያገኛል፤ ከራሳችሁ ፈቃድ ብትጨምሩለት ደግሞ መልካም አከፋፈል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተበደሩትን ግመል በተሻለ ግመል መልሰዋል።

3. ያልተሸጠውን ዕቃ ለባለቤቱ። በአደራ የተቀበላችሁት ጋቢ የእናንተ ሸቀጥ አይደለም። ለመዝጋት ስትቸኩሉ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በግማሽ ዋጋ አትሽጡት።

4. ለሠራተኛ ቅድሚያ። ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት ተብለናል። ሱቁ መክሰሩ ደመወዙን አያስቀርም።

5. በመጨረሻው ቅናሽ አትዋሹ። በመኪና የተሸመነውን የእጅ ሥራ፣ አዲሱን የጥንት አትበሉ፤ ስንጥቁን አሳዩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ገበያ እጃቸውን እህል ውስጥ አስገብተው እርጥቡ ከታች ተደብቆ ሲያገኙ ነጋዴውን ገሥጸዋል። እውነተኛ ቅርስ ከሆነ ደግሞ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው።

6. ቻናሉን ቶሎ አታጥፉ። «ሱቃችን ተዘግቷል፤ ሐቅ ያለው በዚህ ቁጥር ያግኘን» የሚል መልእክት ከላይ ሰክታችሁ ለወራት አቆዩት። የዐብደላህ አዋጅ በዘመናችን ይህን ይመስላል። የደንበኞች ስልክና አድራሻም አማና ነው፤ ቻናሉን ከነመረጃቸው ለሌላ አትሽጡ።

7. የጠፋውን ባለ ሐቅ ፈልጉ። በሚቻለው ሁሉ ፈልጋችሁት ተስፋ ከቆረጣችሁ፣ ዑለማዎች በስሙ ሰደቃ እንዲሰጥ ያስተምራሉ። አንድ ቀን ከመጣና ሐቁን ከጠየቀ ግን ይከፈለዋል።

8. ፈቃድ ካላችሁ መልሱ። የንግድ ፈቃድ ተረስቶ አይቅር፤ ግብሩ ተጠናቆ በወጉ ይሰረዝ።

ገንዘቡ ካልበቃስ? መደበቅ መፍትሔ አይሆንም። ስልክ አንሱ፤ «ይህን ያህል አለብኝ፣ በየወሩ ይህን ያህል እከፍላለሁ» በሉ። ባለ ገንዘቡም ቢሆን፣ በሱረቱል በቀራ 280ኛው አንቀጽ የተቸገረን ባለ ዕዳ እስኪያገኝ እንዲታገሥ፣ ይቅር ካለለት ደግሞ እንደሚሻለው ተነግሮታል።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሊገድሏቸው ከተማከሩባት መካ ሲወጡ የሰዎቹን አማና ለየባለቤቱ እንዲመልስ ዐሊይን (ረ.ዐ) እዚያው ትተዋል። ከዚያ ሌሊት የከፋ የመዝጊያ ቀን የገጠመው ነጋዴ የለም። ዛሬ ከዐስር በፊት ስልካችሁን ክፈቱና አንድ ያልመለሳችሁለትን ደንበኛ ፈልጉ። ለእርሱ በመጻፍ ጀምሩ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፣ በረካውን ያብዛልን፣ የሰው ሐቅ ተሸክመን ከመገናኘት ይጠብቀን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!