የማንጎ ዛፍ በግቢያችን፤ አተካከሉና አጠባበቁ

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ስም በተነሣ ቍጥር በሌላ ክፍለ ሀገር ያለ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ታላቁን የኅዳሴ ግድብ ነው። ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ወደ አሶሳ፣ ወደ ሆሞሻ ወይም ወደ ባምባሲ የመጣ እንግዳ በዓይኑ የሚያየው በየግቢው የቆመውን የማንጎ ዛፍ ነው። እኔም በዘንድሮው መጽሔታችን ስለዚሁ ዛፍ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ የምናውቀው እየመሰለን የማንጠብቀው ስለ ሆነና ዛሬም በብርቱ ስለ ታመመ ነው።

የማንጎ የትውልድ አገር ህንድና በአካባቢዋ ያሉት አገሮች ናቸው። ከዘመዶቹ አንዱ በየከተማው ለጥላ የሚተከለው ቁንዶ በርበሬ መሆኑን ስሰማ ተደንቄ ነበር፤ የሁለቱን ቅጠል አሽቶ ያሸተተ ሰው ግን ዝምድናውን አይክድም። ፍሬው ሲቀነጠስ ከእንብርቱ የሚወጣው ወተት መሰል ፈሳሽ ቆዳን የሚያቃጥለውም ይህ ወገን ሙጫማ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ፍሬ የሚለቅም ሰው ጥቂት ዘንግ አስቀርቶ ቢቈርጥ ለእጁም ለፍሬውም ይሻላል።

ማንጎን ከፍሬ ማብቀል ለሚወድ ሰው የመጀመሪያው ነገር ፍጥነት ነው። የማንጎ ዘር እንደ በቆሎ በጎተራ አይቀመጥም፤ ከደረቀ ይሞታል። ፍሬው በተበላ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ ጠንካራው ቅርፊት በጥንቃቄ ተከፍቶ ውስጡ ያለው ዘር ጐባጣው ወገን ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ መቅበር ነው። እንዲህ የበቀለው ዛፍ እስኪያፈራ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ያስጠብቃል፤ ፍሬውም እንደ እናቱ ላይሆን ይችላል። ካደገ ችግኝ ላይ የጥሩ ዛፍ ቅርንጫፍ የተጣበቀበት፣ የተዳቀለ የሚባለው ችግኝ ግን በሦስት ወይም በአራት ዓመት ያፈራል። አፕል ማንጎ፣ ኬንት፣ ኪትና ቶሚ አትኪንስ የሚባሉት ዝርያዎች በአገራችን የሚባዙት በዚህ መንገድ ነው።

ጕድጓዱ ወርዱም ጥልቀቱም ስድሳ ሳንቲ ሜትር ሆኖ በበጋ ይቈፈርና፣ የላይኛው አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋራ ተደባልቆ ይመለስበታል፤ ዝናቡ ሲጸና ይተከላል። ከግንዱ ሥር ጉዝጓዝ ማድረግ እርጥበት ይጠብቃል። ሆኖም በእኛ ቀይ አፈር ምስጥ ስለሚበዛ ደረቁ ሣር ከግንዱ ስንዝር ያህል መራቅ አለበት። በዛፍና በዛፍ መካከል ለዘር ማንጎ ዐሥር ሜትር ይተዋል። በብዙ ግቢ የሚታየው ጥፋት ይኸው ነው፤ ችግኙ ትንሽ ስለ ሆነ በሦስት ሜትር ይተከላል፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ዛፎቹ ተቃቅፈው ፀሐይና ነፋስ የማይገባበት ጨለማ ይሆናሉ።

ወደ ሕመሙ ልመለስ። የግብርና ባለሙያዎች ዋይት ማንጎ ስኬል የሚሉት ተባይ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ነው፤ ከዚያ እየተስፋፋ እኛም ዘንድ ደረሰ። ከሩቅ ሲያዩት በቅጠል ላይ የተነሰነሰ ኖራ ይመስላል። በአጉሊ መነጽር ያየነው እንደ ሆነ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ክቡ ጠፍጣፋ ጋሻ የእንስቷ ነው፣ በዙሪያዋ የተከማቹት ረዘም ያሉት ነጫጭ ነገሮች ወንዶቹ ናቸው። ከእንቍላል የወጣው ጫጩት እግር አለው፤ ጥቂት ይሄዳል ወይም ነፋስ ይወስደዋል። እንስቷ ስፍራዋን ካገኘች በኋላ አፏን በቅጠሉ ትተክልና እግሯ ጠፍቶ እስክትሞት ድረስ ከዚያ ሳትነሣ ትመጣለች። የተመጠጠው ቅጠል ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ብዙ ሲሆኑ ጫፉ ይደርቃል። ፍሬውም ላይ ሮዝ መሳይ ምልክት ይወጣል። ውስጡ ቢጣፍጥም ገበያ ላይ ገዢው አይቶ ያልፈዋል፤ በማንጎ ወቅት ለደብተርና ለዩኒፎርም የሚሆን ገንዘብ ከዛፉ ለሚጠብቅ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መድኃኒት እንርጭ የሚሉ አሉ። ነገር ግን ጋሻው መድኃኒቱን ከአካሏ ይከለክላል፤ ርጭት በይበልጥ የሚጐዳው ገና ጋሻ ያላበጀውን ጫጩት ነው። ከቤት ጣራ በላይ ለረዘመ ዛፍስ በጀርባ የሚታዘል መርጫ ምን ይደርስለታል? ደግሞ ኃይለኛው መድኃኒት ተባዩን የሚበሉትን ጢንዚዛዎችና ጥቃቅን ተርቦች ጨምሮ ይፈጃል። በደቡብ አፍሪካ እነዚህን ወዳጆች እንደ ሀብት ቈጥረው፣ ተባዩን የምትበላ አንዲት ትንሽ ጢንዚዛ ከታይላንድ ድረስ አስመጥተው ለቀዋል።

በእኔ አስተያየት ለግቢ ዛፍ ከሁሉ የሚበልጠው መጋዝ ነው። ፍሬው እንደ ተለቀመ፣ ሳይዘገይ፣ ወደ ውስጥ የሚያድጉትንና የሚደራረቡትን ቅርንጫፎች ማንሣት ነው። ዘግይቶ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ የቈረጠ ሰው የመጪውን ዓመት አበባ አብሮ ይቈርጣል። የተቈረጠው ቅጠል ተባይ ስላለበት ከዛፉ ሥር አይተውም፤ ይቃጠላል ወይም በጥልቅ ይቀበራል።

በጣም ያረጀውን ዛፍ ደግሞ ከነሥሩ ከመንቀል ዝቅ አድርጎ መቍረጥ ይሻላል። አባቴ ከሁለቱ ዛፎቻችን ትልቁን ለማገዶ አስቦት ነበር፤ ከብዙ ክርክር በኋላ አምና ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ላይ ቈረጥነው። ጥላ የለመደው ልጥ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ጕቶውን ኖራ ቀባነው። ዛሬ ዙሪያውን አቈጥቍጧል፤ ከቡቃያው አራቱን ብርቱዎች አስቀርተን ሌላውን አነሣን። ባለሙያ ከተገኘ በእነዚህ ላይ የተሻለ ዝርያ ማዳቀል ይቻላል። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ፍሬ እንደማናገኝ አውቀን ነው የገባንበት። እናቴ እስካሁን ጥላዋን ትናፍቃለች።

የሚያሳስበኝ ሌላው ግቢ ነው። ጫጩቱን ነፋስ በአጥር ላይ ስለሚያሻግረው ያንድ ቤት ብቻ መጥረግ ብዙ አያቈይም፤ አምስት ስድስት ጎረቤት አንድ ሳምንት ተነጋግሮ ቢቈርጥ ግን ልዩነቱ ይታያል፣ መጋዝም አንዱ ለሌላው ይዋሳል። ችግኝም ከሌላ ስፍራ ስናመጣ የቅጠሉን ሁለቱንም ገጽ ገልብጠን እንይ። ነጭ ነገር ካለበት፣ በነጻ ቢሰጠንም እንኳ፣ አንቀበለው።