ስለ አሮጌ የብር ማዕድን አክሲዮን ወረቀት

ጥያቄ፦ በካሊፎርኒያ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁት፣ በ1863 እ.ኤ.አ. የተጻፈ የኔቫዳ ብር ማዕድን አክሲዮን ወረቀት ፊርማው ላይ ተበስቷል፤ የጽሕፈቱ ቀለምም ቡናማ ሆኗል። ገንዘብ ይጠየቅበታልን? እንዴትስ ልጠብቀው?
አንባቢ፣ ከሳክራሜንቶ

መልስ፦ ክቡር ጠያቂ፣ ቀዳዳው የብል ሥራ ሳይሆን፣ አክሲዮኑ ወደ ሌላ ሰው ሲዛወር የቀድሞው ወረቀት ዳግመኛ እንዳይሸጥ የሚሻርበት ልማድ ምልክት ስለሆነ፣ በ1859 እ.ኤ.አ. በኔቫዳ የኮምስቶክ ብር ማዕድን ከተገኘ በኋላ እንደ አሸን ከፈሉት ኩባንያዎች አብዛኞቹም ፈርሰው ስለ ቀሩ፣ ሰነድዎ ለታሪክ ምስክርነቱ ይፈለጋል እንጂ ገንዘብ አይጠየቅበትም። ሰብሳቢዎች የሚሹት በጥበበ እድ የተቀረጸውን ሥዕል፣ የታወቀ ሰው ፊርማን፣ ደግሞም የአሜሪካ መንግሥት በዚያ ዘመን ያስለጥፍ የነበረውን የ25 ሳንቲም የቀረጥ ቴምብር ነውና፣ እባክዎ ቴምብሩን አይላጡ። ጀርባውንም ያንብቡ፤ በፊት ገጽ የሚታየው ስም ብዙ ጊዜ የደላላ ወይም የባለ አደራ ሲሆን፣ የዝውውሩ ፊርማ ከኋላ ይገኛል።

የቡናማው መንሥኤ ብረት ያለበት ቀለም ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ወረቀቱን ይበላል። ስለዚህ ከፀሐይ አርቀው፣ አሲድ በሌለው ወረቀት መካከል ዘርግተው ያኑሩት፤ ፕላስተር አይለጥፉበት፣ ላሚኔትም አያስደርጉት። ጽሕፈቱ መሰንጠቅ ከጀመረ የወረቀት ጥገና ባለሙያ፣ ፊርማው የዝነኛ ሰው ከመሰለዎ ደግሞ ከመሸጥዎ በፊት የጥንታዊ ሰነዶች መርማሪ ይየው።