ለማያውቁት ሰው ዋስ መሆን

በኢትዮጵያ ዋስ የመሆን ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ሽማግሌዎች ያውቁታል። ባለዕዳው ቢጠፋ ዕዳውን የሚከፍል፥ ተከሳሹ ቢሰወር በዳኛ ፊት ቆሞ የሚጠየቅ ዋሱ ነው። በቀድሞው ዘመን ዋስ ያጣ ተከሳሽ ከከሳሹ ጋራ በአንድ ሰንሰለት በቁራኛ ይታሰር ስለ ነበረ፥ ዋስ ማግኘት ማለት ከሰንሰለት መዳን ማለት ነበረ። ነገር ግን ለሰው ዋስ የሚሆነው ዘመዱ፥ ጎረቤቱ፥ አበልጁ ወይም ያገሩ ልጅ ነው። ከሩቅ አገር የመጣውን፥ ወይም በጠባዩ ክፋት ዘመዶቹ የተጠየፉትን ሰው ማን ይዋሰዋል? በዚህ ትምህርት የሚነገረው እንዲህ ላለው ሰው ሳይታዘዙና ሳይከፈላቸው ስለ ቆሙ ሰዎችና ስለ ማኅበሮቻቸው ነው። ነገሩ በይበልጥ የሚታወቀው በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ስለ ሆነ፥ ታሪኩ ከዚያ ይጀምራል፤ ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጆን ኦገስተስ በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ የሚኖር ጫማ ሰፊ ነበረ። የሕግ ትምህርት አልተማረም፤ ሹመትም አልነበረውም። በዚያን ጊዜ መጠጥን ፈጽመው ለመተው ቃል የገቡ ሰዎች ያቆሙት ማኅበር ነበረና እርሱም የዚሁ ማኅበር አባል ነበረ። በ1841 በነሐሴ ወር አንድ ቀን ማለዳ በፖሊስ ፍርድ ቤት ተቀምጦ ሳለ፥ ልብሱ የተቀዳደደ፥ መልኩ የጎሰቈለ አንድ ሰው በስካር ተከሶ ቀረበ። ክሱ በቶሎ ተረጋገጠበት፤ የቀረው ማረሚያ ቤት ወደሚባለው እስር ቤት መላክ ብቻ ነበረ። ኦገስተስ ግን ቀርቦ ቢያነጋግረው ሰውዬው ገና ተስፋ ያልቈረጠ መሆኑን ተረዳ። ሰውዬውም ከማረሚያ ቤት ቢያድኑት ዳግመኛ መጠጥ እንደማይቀምስ ነገረው። ስለዚህ ኦገስተስ በዳኛው ፈቃድ ዋስ ሆነው፤ ዳኛውም ከ3 ሳምንት በኋላ እንዲቀርብ ቀጠረው።

ሰውዬው ከፍርድ ቤቱ ሳይወጣ መጠጥ ለመተው በወረቀት ላይ ፈረመ። በቀጠሮውም ቀን ከዋሱ ጋራ ሲቀርብ፥ በችሎት የነበሩት ሰዎች ያው ሰካራም መሆኑን ማመን አቃታቸው። ዳኛውም በእስራት ፋንታ የ1 ሴንት መቀጫና የፍርድ ቤቱን ኪሣራ ብቻ እንዲከፍል ፈረደ። አንድ ሴንት ማለት የአንድ ዶላር መቶኛ ክፍል ነው።

ይህ ዋስትና ከተለመደው የሚለይበትን ነገር አስተውሎ ማየት ይገባል። ተራ ዋስ ቃል የሚገባው ሰውዬው በቀጠሮው ቀን እንዲገኝ ነው፤ በመካከሉ የት እንዳደረ፥ ምን እንደ በላ፥ ከማን ጋራ እንደ ዋለ ዋሱን አያገባውም። ኦገስተስ ግን የተዋሰው ለመገኘቱ ብቻ ሳይሆን ለኑሮውም ነው። ደግሞም ዋስ የሆነው ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ፥ ቅጣቱ ከመወሰኑ በፊት ነው። በጥፋትና በቅጣት መካከል የገባው ያ የ3 ሳምንት ጊዜ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ለአንድ ሰካራም በአፉ የተናገረውን በሥራ የሚያሳይበት ዘመን ሆነለት።

ከዚያ በኋላ ኦገስተስ ወደ ፍርድ ቤቱ መመላለስ አዘወተረ። መጀመሪያ ለሰካራም ወንዶች፥ ቀጥሎ ለሴቶች፥ ከ1843 ጀምሮም ለልጆች ዋስ ይሆን ነበረ። ይሁን እንጂ ለመጣው ሁሉ አልተዋሰም፤ ደግ ልብ ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህንን ነው። አስቀድሞ የሰውዬውን ያለፈ ጠባይ ይጠይቃል፤ ዕድሜውን ይመረምራል፤ ቢለቀቅ ከማን ጋራ እንደሚኖርና በምን ሠፈር እንደሚውል ያጣራል። በይበልጥ የሚመርጠውም ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፉትንና ልባቸው ፈጽሞ ያልተበላሸውን ነው። ከተዋሰም በኋላ ሥራ ይፈልግለታል፤ ልጅ ቢሆን ትምህርት ቤት ያስገባዋል፤ ስለ አካሄዱም ለዳኛው ይናገራል።

በ1847 ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 15 ዓመት ለሚሆን ለ19 ወንዶች ልጆች ዋስ ሆነ። የሰባት ዓመት ልጅ ከትልልቅ ሌቦች ጋራ በአንድ ቤት ቢታሰር ምን ዐይነት ትምህርት ተምሮ እንደሚወጣ ለአስተማሪ መንገር አያሻም። ፍርድ ቤቱ የልጆቹን ነገር በየወሩ እየቀጠረ አምስት ስድስት ወር አሳለፈው፤ በየቀጠሮውም ኦገስተስ እየቀረበ ልጆቹ እንዴት እንደ ሆኑ ይናገር ነበረ። ጊዜው በተፈጸመ ጊዜ 12ቱ ልጆች በአንድነት ቀረቡ። ዳኛው መልካቸውና አኳኋናቸው ከመጀመሪያው ቀን እጅግ የተለየ መሆኑን አይቶ ተደነቀ፤ ደስም አለው። በእያንዳንዳቸውም ላይ የ10 ሴንት መቀጫ ፈረደ፤ ከድኽነት የተነሣ መክፈል ላልቻሉት ለ7ቱ ገንዘቡን የከፈለ ኦገስተስ ነው።

ሥራው ያለ ጠላት አልቀረም። በዚያ ከተማ የፖሊስ ሰዎች እስረኛ ወደ ማረሚያ ቤት ባደረሱ ቍጥር ክፍያ ይቀበሉ ነበረና፥ ኦገስተስ አንድ ሰው በተዋሰ ጊዜ ከእነርሱ ኪስ ገንዘብ የወሰደ ያህል ይቈጥሩበት ነበረ። ወንጀለኛን ያደፋፍራል የሚሉም ነበሩ። ይህ ክርክር ዛሬም አልሞተም፤ በማንኛውም አገር ለእስረኛ የሚራራ ሰው ለተበዳዩ የማይራራ ይመስላል። የኦገስተስ መልስ ግን በቃል አልነበረም። ሥራው ያለ ደመወዝ ስለ ነበረና ጫማ ሰፊነቱንም እስከ መተው ስለ ደረሰ፥ ደጋግ ሰዎች በሚሰጡት ገንዘብ ይረዳ ነበረ። በ1859 እስከ ሞተ ድረስ ለ1,946 ሰዎች ዋስ እንደ ሆነና ከእነዚያም ውስጥ ዋስትናውን ያፈረሱበት 10 ብቻ እንደ ሆኑ ተጽፏል። ቦስተን ያለችበት የማሳቹሴትስ አገር ይህንን ሥራ በሕግ አጽንቶ ለሠራተኛው ደመወዝ የቈረጠው በ1878 ነው፤ ይኸውም ጫማ ሰፊው ከሞተ ከ19 ዓመት በኋላ ነው።

ኦገስተስ ያንን የመጠበቂያ ጊዜ የጠራበት የእንግሊዝኛ ቃል መፈተን ከሚል የላቲን ግሥ የወጣ ነው። አመክሮ የሚለውም ከግዕዝ የመጣ ቃል ትርጓሜው ይኸው ነው፤ በገዳም ሊመነኵስ የመጣ ሰው ቆብ ከመድፋቱ በፊት የሚፈተንበት ጊዜ አመክሮ ይባላልና። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም፥ ዳኛ ቅጣትን በገደብ እንዲያቈይ፥ ከቅጣቱም ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመና ጠባዩን ያሳመረ እስረኛ በአመክሮ እንዲፈታ ይፈቅዳል። ቃሉ ከገዳም ወደ ወህኒ ቤት መሻገሩ የሚያስደንቅ ነው።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ የዚሁ ነገር መነሻ አንድ ደብዳቤና 5 ሽልንግ ነው። ፍሬድሪክ ሬይነር የሚባል የማተሚያ ሥራ የሚሠራ ሰው፥ ሰካራሞች ከፍርድ ቤት ወደ እስር ቤት፥ ከእስር ቤት ወደ መጠጥ ቤት ሲመላለሱ ማየት አስመርሮት፥ በ1876 ስካርን ለመከላከል ለቆመው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ማኅበር ጽፎ ያንን ገንዘብ ላከ። ማኅበሩም በሎንዶን ፍርድ ቤቶች ተገኝተው ተከሳሾችን የሚያነጋግሩና የሚዋሱ መልእክተኞችን አቆመ። እነዚህ ሰዎች 31 ዓመት ያህል ከሠሩ በኋላ፥ በ1907 የወጣ ሕግ ሥራቸውን የመንግሥት ሥራ አደረገው። ሕጉ ሠራተኛው በአደራ የተሰጠውን ሰው እንዲመክር፥ እንዲረዳና እንዲወዳጅ ያዛል። መወዳጀትን በሕግ ማዘዝ እንግዳ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሕጉን የጻፉት ሰዎች በፈቃዳቸው ይሠሩ ከነበሩት መልእክተኞች ያዩት ይህንኑ ነበረ። መንግሥት ሥራውን ሲወርስ ወዳጅነቱን አብሮ መውረስ ሁልጊዜ አልሆነለትም። በ2014 የእንግሊዝ መንግሥት ከዚህ ጥበቃ ብዙውን ክፍል ለኩባንያዎች በኮንትራት እንዲሰጥ አደረገ፤ ሥራው ስለ ተበላሸም በ2021 መልሶ ወደ እጁ አገባው።

እስካሁን የተነገረው ወደ እስር ቤት ስላልገባ ሰው ነው። ለገባው ደግሞ ሌላ ዐይነት እርዳታ ያስፈልገዋል። በዚህ በኩል በይበልጥ የምትታወቀው ኤልሳቤጥ ፍራይ የምትባል የሎንዶን ሴት ናት። በ1813 ኒውጌት ወደሚባለው እስር ቤት ገብታ፥ ወደ 300 የሚጠጉ ሴቶች ከልጆቻቸው ጋራ በጠባብ ስፍራ ተጨናንቀው፥ ያለ አልጋና ያለ በቂ ልብስ ሲኖሩ አየች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሳ ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር ስብከት አልነበረም፤ እናቶቹን ስለ ልጆቻቸው ጠየቀቻቸውና ትምህርት ቤት እንዲቆም ተስማሙ። አስተማሪም ከውጭ አልመጣላቸውም፤ ሰዓት በመስረቅ የታሰረች አንዲት ወጣት ማንበብና መጻፍ ታውቅ ስለ ነበረ እስረኞቹ እርሷን መረጡ። በ1817 ፍራይና ጓደኞቿ ማኅበር አቁመው ለሴቶቹ የስፌት ሥራ አመጡላቸው። የቤቱንም ደንብ ባዘጋጁ ጊዜ፥ ደንቡ ለእስረኞቹ እየተነበበ የተስማማች ሁሉ እጇን እንድታነሣ ይደረግ ነበረ። እንዲህ ያለ ነገር በወህኒ ቤት ይቻላል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ፍራይ በ1818 በእንግሊዝ ምክር ቤት ሸንጎ ፊት ቀርባ መሰከረች፤ በ1823ም ሴቶች እስረኞች በሴቶች ጠባቂዎች እንዲጠበቁ የሚያዝ ሕግ ወጣ።

እስረኛን በእስረኛ የማስተማር ነገር በዚሁ አገር ዛሬም ይሠራበታል። ክሪስቶፈር ሞርጋን የሚባል ገበሬ የዕድሜ ልክ እስራት ከተፈረደበት ከአንድ እስረኛ ጋራ ዓመታት ደብዳቤ ሲጻጻፍ ኖረ፤ ከእስረኞች ውስጥ ብዙዎቹ ማንበብ የማይችሉ መሆናቸውንም ከዚሁ ተረዳ። የደብዳቤዎቹ መጽሐፍ በ1996 ታተመ፤ ከእርሱም የተነሣ ሻነን ትረስት የሚባል የበጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ የሚሠራው ማንበብ የሚችለው እስረኛ የማይችለውን ጓደኛውን በቀን 20 ደቂቃ ያህል ብቻውን እንዲያስተምረው ማድረግ ነው። ትልቅ ሰው በክፍል ውስጥ በሰው ፊት ፊደል መቍጠር ያፍራል፤ ከጓደኛው ጋራ ሲሆን ግን እፍረቱ ይቀልለታል። ፊደል ያልቈጠረ ሽማግሌ ለማስተማር የሞከረ አስተማሪ ይህንን ያውቀዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ቀን ግን የታሰሩበት ቀን ሳይሆን የተፈቱበት ቀን ነው። እስረኛው ከበሩ ሲወጣ ማደሪያ፥ ልብስ፥ የሥራ መሣሪያ የለውም፤ የሚያውቀውም ሰው አስቀድሞ ያሳተው ጓደኛው ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝ አገር ከእስር የወጡትን የሚረዱ ማኅበሮች በየአውራጃው ስለ ተነሡ፥ በ1862 የወጣ ሕግ ዳኞች በእነዚህ ማኅበሮች በኩል ለተፈታው ሰው ገንዘብ እንዲሰጡ ፈቀደ። አንዱ መሮና መዶሻ ይገዛለታል፤ አንዱ ወደ አገሩ የሚመለስበትን ይከፍልለታል፤ አንዱ የማደሪያ ቤት ይፈልግለታል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ሰውዬው ግን ያን ሌሊት የሚያድርበትን ካላገኘ፥ የወህኒ ቤቱ ምክር ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በኢትዮጵያ የእስረኛ እርዳታ በዘመድ ትከሻ ላይ የኖረ ነው። ስንቅ የሚያመላልስ ጠያቂ ያለው እስረኛ ከሌለው ይሻላል፤ ጠያቂ የሌለውም በበዓል ቀን ምግብ ይዘው በሚመጡ ምእመናንና ማኅበርተኞች ይጽናናል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን በዓሉ ሲያልፍ ጠያቂውም ያልፋል። ደግሞም ሰው ገድሎ ለታሰረ፥ የመፈቻው ቀን ከዳቦና ከማደሪያ የበለጠ ነገር ይፈልጋል። የሟች ወገኖች ደማቸው ካልደረቀ፥ ሰውዬው ከወህኒ ቤት በር ወደ መቃብር ሊሄድ ይችላል፤ ወይም ራሱን ለማዳን ሲል ሌላ ነፍስ ያጠፋል። ዳኛ የእስራቱን ዘመን ይቈርጣል እንጂ የሁለቱን ወገኖች ልብ አያስታርቅም። ያንን የሚያደርጉት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነርሱም ደመወዝ የላቸውም፤ ለማይወዱትም ሰው ጭምር ይቆማሉ። ዕርቅ ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም፤ የሟች ቤተ ሰብ ሽማግሌዎቹን ደጋግሞ ሊመልስ ይችላል፤ ካሣውም ይከራከሩበታል። ስለዚህ እስረኛው በአመክሮ የሚፈታበትን ቀን ከወህኒ ቤቱ አስቀድሞ መጠየቅና ዕርቁን እርሱ ገና ውስጥ ሳለ መጀመር ያስፈልጋል።