ቆርኪውን አትጣሉት!

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙ፣ ዛሬ ሱቅ የሚያጣብበው ያ ሁሉ የጨዋታ ዕቃ ገና አልተትረፈረፈም ነበር። ጋይጋክስ ከርካሽ ሱቅ የተገዙ፣ ሆንግ ኮንግ የተሠሩ የልጆች ፕላስቲክ መጫወቻዎችን አውሬ አደረጋቸው። የትኛው እንስሳ እንደሆኑ እንኳ በቅጡ አይለዩም። እሱ ግን አንዱን ብረት የሚበላ ፍጡር፣ ሌላውን የጉጉት ፊት ያለው ድብ አላቸው፤ ሃምሳ ዓመት ቢያልፍም እነዚያው አውሬዎች አሁንም ተጫዋች ያስደነግጣሉ። እንግዲህ «ዕቃ የለኝም» የምትል ወዳጄ፣ ምክንያትህን ሌላ ፈልግ!

ጨዋታው ቀላል ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ ገጸ ባሕርይ ወስደው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ጥርጥር ሲመጣ ዳይስ ይወረወራል። በተረት ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። የሚገቡበት ዋሻ ወይም ምድር ቤት ካሬ የተሰመረበት ወረቀት ላይ ይሳላል፣ በላዩ ላይም ትንንሽ ዕቃዎች ይበተናሉ፦ በርሜል፣ ምሰሶ፣ የፍርስራሽ ክምር።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግንቡን በሙሉ ካልሠራሁ አልጀምርም ይላል፤ ግንቡ አያልቅም፣ ጨዋታውም አይጀመርም። ባዶ ክፍል ውስጥ የገባ ተጫዋች ከመማታት በቀር የሚያደርገው የለም። አንድ በርሜል አስቀምጡለትና ተመልከቱት! ከኋላው ይደበቃል፣ ይገፋዋል፣ በእሳት ያያይዘዋል፣ ቢያንስ ውስጡ ምን እንዳለ ይጠይቃል። በጨዋታው አምስተኛ እትም ሕግ ግማሽ አካሉን የጋረደ ሰው 2 ነጥብ፣ ሦስት አራተኛውን የጋረደ ደግሞ 5 ነጥብ መከላከያ ያገኛል፤ ፍርስራሽ ላይ የሚራመድ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ዕቃውን በግድግዳው ጥግ አትደርድሩት። መሀል ላይ፣ ሰው መወሰን ግድ በሚሆንበት ቦታ አስቀምጡት። ለአንድ ክፍል ሦስት ዕቃ ይበቃል፤ አሥር ዕቃ ከሆነ ማንም አያየውም።

አሁን ዕቃውን ፍለጋ ወላይታ ሶዶ ከተማችን ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ። በጨዋታው አንዱ ካሬ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን የሚወክለው አንድ ሜትር ተኩል ነው። በዚህ ልኬት የለስላሳ ቆርኪ ሰፊ ክብ ጠረጴዛ ወይም የጉድጓድ አፍ ይሆናል። የክብሪት ቤት ሦስት ሜትር ስለሚሆን ሣጥን ነው ብትሉት ማንም አያምናችሁም፤ የንጉሥ መቃብር ግን በደንብ ይሆናል። የተቆረጠ የበቆሎ ቆሮቆንዳ የወደቀ ምሰሶ ነው፤ ጠጠርና ኮላ ደግሞ ፍርስራሽ። ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ በ1913 እ.ኤ.አ. ስለ አሻንጉሊት ጦርነት ባሳተመው መጽሐፉ ከተማውን የሚሠራው በልጆች የእንጨት ጡብ፣ ደኑንም በጭራሮ ነበር። ታላቅ ደራሲ ያላፈረበት እኛን ምን ያሳፍረናል?

ታሪኩንስ ከአውሮፓ ግንብ ለምን እንበደራለን? ከከተማዋ በላይ፣ ከ2,900 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ዳሞታ ተራራ ጎኑ ላይ ሞቼና ቦራጎ የተባለ የዋሻ መጠለያ አለ፤ ተመራማሪዎች ከ40 ሺህ ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎችን የድንጋይ መሣሪያ ያገኙበት ነው። የወላይታው ንጉሥ የካዎ አማዶ የድንጋይ ካብ ኬላም አለ። አሮጌውን የወላይታ ሣር ቤት ደግሞ አስቡት፦ መሀል ምሰሶ፣ ጥግ ላይ እንስራ፣ ውጭ የእንሰት ተክል። ቆጮ የሚብላላበት በእንሰት ቅጠል የተሸፈነ ጉድጓድ እኔ ከማውቃቸው ወጥመዶች ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ የወደቀበት ጀግና ቢተርፍ እንኳ ሽታው ለሁለት ክፍል ይከተለዋል!

እንስራዋን ከጭቃ ለመሥራት ከፈለጋችሁ ሸክላ ሠሪዎችን ጠይቁ። እነዚህን ባለሙያዎች በሥራቸው እየተጠቀምን ለዘመናት አራቅናቸው፤ ይህ የሚያሳፍር ነው፤ ዕውቀታቸውን በክብር መጠየቅ ደግሞ ጥሩ ጅምር ነው። ቀጭን አድርጎ መሥራት፣ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ማድረቅ፣ ፀሐይ ላይ ቸኩሎ አለማስጣት፤ አለበለዚያ ይሰነጠቃል።

ቅዳሜ ማታ ሦስት ጓደኛ ጥሩ። አንድ ክፍል፣ ሦስት ዕቃ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይኑራችሁ፦ «ምን ታደርጋላችሁ?» ጨዋታው ሲያልቅ ማንም ያልነካውን ዕቃ አንሱት፤ የተጣሉበትን ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት ሁለት አድርጋችሁ ሥሩት።